ርካሽ መሣሪያና ርካሽ እንጨት በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሽምብጥ ባለው ቤቴ ጓሮ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር በሆነች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንጨት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አናጺ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። ከሥራ መልስና ቅዳሜ ከሰዓት ግን እጄ ከመላጊያ አይለይም። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ የሰፈሩ ጎረምሳም የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ገንዘብ ሳይበዛ እንዴት ይጀመራል? ለዚህ ስመልስ የኖርኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የብር ዋጋ አልጻፍኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ለከርሞ አይሠራም።

ለመጀመር የግድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

ብዙ አይደለም። አንድ የእጅ መጋዝ፣ አንድ መዶሻ፣ ሁለት መሮ (ጠባቡ 12 ሚሊ፣ ሰፊው 25 ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው)፣ አንድ መላጊያ፣ ሜትር፣ ስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መፈተሻ)፣ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ መጋዙን የሚስሉበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ። በዚህ ብቻ በርጩማ ይሠራል፣ መደርደሪያ ይሠራል፣ ረከቦት ይሠራል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልነበረኝም፤ ያልሠራሁት ነገርም አልነበረም።

በአንድ የፕላስቲክ ሣጥን ሰማንያና መቶ ዕቃ የታጨቀበትን ስብስብ ሲያዩ ይለፉት። ከመቶው የሚነኩት አሥሩን ነው። የእነሱም ብረት ለስላሳ ስለሆነ የካቻቢቴው ጫፍ ገና በሦስተኛው ቀን ይበላል። በዚያው ገንዘብ ሦስት ደህና ዕቃ ይገዛል። ሌላውን ሥራው ራሱ ይጠይቅዎታል፤ ሁለት ጊዜ ከጎረቤት የተዋሱትን መሣሪያ በሦስተኛው ይግዙት።

ስኳድራ ሲገዙ እዚያው ሱቁ ላይ ይፈትኑት። ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ አስደግፈው በእርሳስ አንድ መስመር ያስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠው ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ያስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ልክ ነው፤ እንደ መቀስ አፍ ከተከፈቱ ለባለሱቁ ይመልሱት። ከካርቶኑ ገና የወጣ አዲስ ስኳድራ ተጣሞ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተጣመመ ስኳድራ የተሠራ መሳቢያ ደግሞ መቼም አይገጥምም።

ሞርሴቶ (ኮላ የተቀባ እንጨት እስኪደርቅ ጨብጦ የሚይዘው ብረት) ውድ ሆነብኝ። ያለ እሱ እንጨት ማጣበቅ ይቻላል?

ይቻላል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች በየሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ ጠጋኙ ዘንድ ደግሞ ሊጠገን የማይችል የውስጥ ጎማ አይጠፋም። ብዙዎቹ በነጻ ይሰጡዎታል። ጎማውን በቁመቱ ሁለት ጣት ስፋት እያደረጉ ይቁረጡና ኮላ የቀቡትን መገጣጠሚያ በኃይል እየሳቡ ደጋግመው ይጠምጥሙበት። እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ላይ ስለሚደመር ግፊቱ የሚገርም ነው፤ ክብና ጎባጣ ቅርጽ ላይ እንዲያውም ከሞርሴቶ ይሻላል። ነጭ ኮላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ታስሮ መቆየት፣ ሸክም ከመሸከሙ በፊት ደግሞ 24 ሰዓት ማደር አለበት።

ያገለገለ መሣሪያ የት ይገኛል?

መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ። ስሙ ቅዳሜ ቢሆንም ሱቆቹ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ቅዳሜ የሚለየው ከገጠር የሚመጣው ሰው ነው፤ የቀጥቃጭ እጅ የሠራው መጥረቢያ፣ ማጭድና መሮ የሚገኘው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ቆራሌው ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ የሚገዛው ብረት በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ የሚሄድ ነው። ከዚያ ክምር መካከል ግን የድሮ መላጊያ፣ እጀታው የጠፋ መሮ፣ ሞርሳ፣ ከባድ የመዶሻ ራስ ይወጣል። እኔ በሰፈራችን ከሚያልፉት ከሁለቱ ጋር ተግባብቻለሁ፤ የእንጨት ሥራ ብረት ሲያገኙ አስቀድመው ወደ እኔ ያመጡታል፣ እኔም ከኪሎው ዋጋ በላይ እከፍላቸዋለሁ። ሁለታችንም ደስ ይለናል። ያለኝ ምርጥ መሣሪያ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አናጺዎች ናቸው። ልጆቻቸው ሌላ ሙያ ይዘው ዕቃው ማድጋ ጀርባ ተቀምጦ የሚዝግበት ቤት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ሲሄዱ ዕቃውን ብቻ አይጠይቁ። አረፍ ብለው ቡናውን ይጠጡ፣ «አባባ፣ ይኼን እንዴት ነበር የሚይዙት?» ይበሉ። መሣሪያው ያልቃል፣ የሚነግሩዎት ግን አያልቅም።

የቤት ዕቃ የሚሠሩ የጥቃቅንና አነስተኛ ሼዶችም አሉ። እነሱ ዘንድ መሣሪያ ሳይሆን ቁርጥራጭ እንጨት ነው የሚፈለገው። ግማሽ ሜትር የማይሞላው ለእነሱ ማገዶ ነው፤ ለእርስዎ ግን ሣጥን፣ እጀታ፣ የፎቶ ፍሬም ነው። በጆንያ ይሸጡታል። ዓርብ ማታ ሥራ ሲዘጉ ይሂዱ።

የዛገ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል አይደለም?

እንደ ዝገቱ ነው። በላዩ የተነጠፈ ቡናማ ዝገት ምንም ማለት አይደለም። ብረቱን ውስጥ ለውስጥ በልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገው ግን፣ በተለይ ስለቱ አጠገብ ከሆነ፣ ይቅርብዎ። በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ይተዉት። መላጊያ ከሆነ መቀመጫው አለመሰንጠቁን ይዩ፤ የተሰነጠቀ የብረት መላጊያ አይድንም። ምላጩ ቢጠፋ ግን ሌላ ይሠራለታል።

ከቆራሌው በኪሎ የገዛሁት መላጊያ ሲመጣ የሸክላ ቀለም ነበረው፤ ብሎኖቹ አይዞሩም ነበር። ብሎኖቹ ላይ ነጭ ጋዝ አንጠባጥቤ አሳደርኩት። በማግስቱ አንድ በአንድ ፈታሁና የብረቱን ክፍል በሙሉ በፕላስቲክ ሳፋ አድርጌ አቼቶ አፈሰስኩበት፤ ሁሉም መስጠም አለበት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትንንሽ አረፋ ይታያል። በ24 ሰዓት ውስጥ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በእቃ ማጠቢያ ሽቦ ይለቃል። ከዚያ በላይ ማቆየት አያስፈልግም፣ አሲዱ ደህናውን ብረት መብላት ይጀምራል። ካወጡት በኋላ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ያጥቡት፤ አለዚያ የቀረው አሲድ በአንድ ቀን መልሶ ያዝገዋል። ወዲያው ጠርገው ፀሐይ ላይ ያድርቁትና ዘይት ይቀቡት። እኔ ሲደርቅ ከታች በኩል የፋብሪካው ፊደል ብቅ ሲል አየሁ፤ ዝገት ሸፍኖት ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ። ያ መላጊያ እስከ ዛሬ በየቀኑ የምይዘው ነው።

የቀጥቃጭ መሮ ከፋብሪካው ያንሳል?

ጥሩ ቀጥቃጭ ከሠራው አያንስም፤ ርካሹን የገበያ መሮ እንዲያውም ይበልጠዋል። ምስጢሩ ብረቱ ነው። ጋራዥ ሄደው የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ይግዙ፤ ባሌስትራ ስለት የሚይዝ፣ ውኃ የሚጠጣ፣ ማለትም ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ብረት ነው። ፌሮ ግን አይሆንም፣ ለስላሳ ነው። ባሌስትራውን ለቀጥቃጩ ሲሰጡ በውኃ ሳይሆን በዘይት እንዲያጠጣልዎ ይንገሩት፤ ባሌስትራ በውኃ ሲጠጣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ እንዲሁ ከተወው እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። ስለዚህ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ከስለቱ ራቅ ካለው በኩል በቀስታ ያሙቁት። ብረቱ ላይ ቀለም እየሄደ ይመጣል። ስለቱ ጋ ሲደርስ የገለባ ቀለም ከሆነ ይበቃዋል፣ ያኔ ያቀዝቅዙት። ሰማያዊ ከሆነ አልፎታል፤ ለካቻቢቴ እንጂ ለመሮ አይሆንም።

ቀጥቃጭ በአገራችን «ቡዳ» እየተባለ ሲገፋና ሲሸሽ የኖረ ባለሙያ ነው። እኔ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ያየሁት እውቀት ግን በመጽሐፍ ያላገኘሁት ነው። ሲሄዱ ለሙያው የሚገባውን ይክፈሉ፤ እዚያ ላይ አይከራከሩ።

መሣሪያዬ አይቆርጥም፤ ሌላ ልግዛ?

አይግዙ፤ ይሳሉት። ሰው «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ከሚጥለው ውስጥ ብዙው ያልተሳለ ነው። ከውጭ የሚመጣውን የመሳያ ድንጋይ መግዛት አያስፈልግም። መስታወት ቤት ይሂዱና 5 ወይም 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ቁራጭ መስታወት ይጠይቁ፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ይበቃል። ለመኪና ቀለም የሚሸጠውን ውኃ የማይፈራ ብርጭቆ ወረቀት፣ 400፣ 800 እና 1500 ቁጥር፣ በውኃ አርሰው መስታወቱ ላይ ያንጥፉት። መጀመሪያ የመሮውን ጀርባ ጠፍጣፋ ያድርጉ፤ ሰው የሚረሳው ይኼን ነው። ቀጥሎ የተዘለፈውን፣ ማለትም ወደ ስለቱ ያዘነበለውን ፊት። የማዕዘን መለኪያ ከሌለዎት፣ የተዘለፈው ፊት ርዝመት ከብረቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ሲሆን ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው፤ ለሁሉም ሥራ ይሆናል። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየሳቡ አሥር ጊዜ ያህል ያሻሹት። ወረቀት በአየር ላይ ይዘው ሲያስነኩት ያለ ድምፅ ካለፈ ተስሏል።

ያገለገለ ድሪል ወይም ግራይንደር ስገዛ ምን ልይ?

ሻጩ መብራት ያለበት ቦታ ካልወሰደዎት አይግዙ። ከመሰካቱ በፊት ፑንታ የሚይዘውን አፍ በጣትዎ ወደ ጎን ይግፉት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። ከተሰካ በኋላ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው፤ ቀለበት ሠርቶ የሚዞር እሳት ካዩ ግን ችግሩ ከካርቦን (ለሚዞረው የሞተር ክፍል መብራት ከሚያደርሰው ትንሽ ቁራጭ) አልፏል። ካርቦን ማለቁ ብቻ ከሆነ ግን ደስ ይበልዎ፤ ካርቦን ርካሽ ነው፣ የሚቀየረውም በአንድ ካቻቢቴ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቅ ደህናውን ድሪል በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። አፍንጫዎን ያስጠጉ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አይደበቅም። አምስት ደቂቃ ያሠሩትና አካሉን ይንኩ።

በአዲስ ዕቃ ደግሞ ስም ብቻ አይመኑ። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ብዙ ነው፤ ክብደቱ፣ የገመዱ ውፍረትና የጽሑፉ ጥራት ያጋልጠዋል። ቦሽ ከሆነ ሰማያዊው ለባለሙያ፣ አረንጓዴው ለቤት ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለቤት ወርክሾፕ አረንጓዴው ይበቃል። ለእጅ መሣሪያ ያገለገለ፣ ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ደግሞ ከቻሉ አዲስ ከነደረሰኙ፤ እኔ የምከተለው ይህን ነው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ቢለኝስ?

የእጅ መሣሪያ። መሮ፣ የጃፓን መጋዝ፣ ጥሩ ሞረድ፣ ጥሩ ፑንታ ይበሉ።

ይህን የምለው ከልቤ ነው። የአጎቴ ልጅ ከሻንጣው ልብስ አውጥቶ የሚያምር ክብ መጋዝ አመጣልኝ። ደስታዬ ዓይኔን ጋርዶት ሰካሁት። ሁለት ሴኮንድ በኃይል ጮኸ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ። እኛ አገር 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው መሣሪያ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ያንን ያህል መንገድ ተሸክሞት የመጣውን ሰው ፊት ማየት ከዕቃው በላይ ያማል። ትራንስፎርመር አለ፣ ግን 1500 ዋት ለሚስብ መጋዝ ከ2000 ዋት በላይ የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ዋጋውና ክብደቱ አያዋጣም።

በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። «ኢንፑት» በሚለው መስመር ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት እዚህ ይሠራል፤ 120 ብቻ ካለ አይሠራም። ከመግዛቱ በፊት ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልቴጅ በኩል ችግር የለበትም።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

ይህ ሰፊ ነው። ባሕር ዛፍ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ በየቦታው አለ። ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ለወርክሾፕ ጠረጴዛ እግር፣ ለመደርደሪያ ድጋፍ፣ ለአጥር ጥሩ ነው፤ ለመሳቢያ ግን አይሞክሩት። ግራቪሊያ ለጀማሪ የምመክረው እንጨት ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው፣ አሁን በየአርሶ አደሩ ማሳ ዳር አለ፣ በመላጊያ ሲላግ እንደ ቅቤ ነው፣ ሲያልቅም በላዩ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ያወጣል። ወይራ ለእጀታ ነው፤ የመዶሻና የመጥረቢያ እጀታ ከወይራ ከሠሩ ለልጅ ልጅ ያወርሱታል።

ዋንዛ የጎጃም ንጉሥ ነው። ቀላል ነው፣ ከደረቀ በኋላ አይንቀሳቀስም፣ ለመሥራት የዋህ ነው። ከበሮው፣ ሙቀጫው፣ የጣና ገዳማት በሮች ሳይቀሩ ከዋንዛ የተሠሩ አሉ። ግን ዋንዛ በደን ሕጋችን ጥበቃ ከሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥና ማጓጓዝ ያስጠይቃል። ስለዚህ «ርካሽ ዋንዛ አለ፣ ማታ አመጣልሃለሁ» የሚልዎትን ሰው እምቢ ይበሉ። ዋንዛ የምፈልገው ከፈረሰ ቤት ነው፦ የድሮ በር፣ የአልጋ ጎን፣ የቆመበት መቃን። ሃምሳ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ከአዲሱ ይሻላል፣ ለዛፉም ይተርፋል።

የፈረሰ ቤት እንጨትና ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ) መጠቀም አደጋ አለው?

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛው ሚስማር ነው። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔቱን ያውጡና በክር አንጠልጥለው እንጨቱ ላይ በቀስታ ያሳልፉት፤ ውስጥ የተሰወረ ሚስማር ካለ ይሳባል። አንድ የተሰወረ ሚስማር የመላጊያ ምላጭ ያበላሻል። ሁለተኛው ቀለም ነው። የድሮ ዘይት ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቁት፣ በእሳትም አያቃጥሉት። እያረጠቡ በምላጭ ያንሡት፣ ፍርፋሪውን ሰብስበው ያስወግዱ፣ ሕፃናት ከግቢ ይራቁ። ሦስተኛው ነቀዝና ምስጥ ነው። የመርፌ ጫፍ የሚያክል ቀዳዳና ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ካዩ እንጨቱን ቤት አያስገቡት።

ፓሌት ላይ ደግሞ ማኅተሙን ይፈልጉ። ከውጭ የመጣ ፓሌት ላይ የስንዴ ዘለላ ሥዕል ያለበት ማኅተም አለ። ከሥዕሉ አጠገብ «ኤች ቲ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ እንጨቱ እምብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው፤ ይጠቀሙበት። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታከመ ነው፤ ለማገዶም አይሁን። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትንም ይተዉ።

ቺፑድና ኮምፔርሳቶስ?

ቺፑድ የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ፣ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የሚሠሩ ናቸው። የሁለቱም ሙሉው ገበታ 122 በ244 ሳንቲሜትር ነው። ባጃጅ ላይ አይገባም፤ የት የት እንደሚቆረጥ ወረቀት ላይ ሥለው ይሂዱና ሱቁ ውስጥ ያስቆርጡት፣ የጋሪውን ገንዘብ ያተርፋሉ። ቺፑድ ውኃ ከነካው ያብጣል፣ መልሶም አይተኛም። ለወጥ ቤት ኮምፔርሳቶ ያድርጉ።

ክረምት ላይ እንጨት ልግዛ?

ከቻሉ አይግዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከጣና የሚነሣው እርጥበትና ዝናቡ ተደምሮ ጣውላው ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚሸጠው። ጥርና የካቲት ላይ ይግዙ። እርጥብ ከገዙ ግን ያድርቁት፦ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው በብሎኬት ላይ፣ በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገቡ፣ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ይደርድሩት። ሁለቱን ጫፍ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀቡ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። በጥቅሉ ለ2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። መሣሪያዎን ደግሞ በክረምት ዘይት በተቀባ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ።

ቨርኒሽ ውድ ነው። የአገር ቤት ዘዴ አለ?

አለ፣ እኔም ከቨርኒሽ አስበልጠዋለሁ፦ ተልባና ሰም።

ጠጅ ቤት ይሂዱና ሰፈፍ ይጠይቁ። ጠጅ ከተጠመቀ በኋላ ከማሩ የሚቀረው ነው፤ በርካሽ ይሸጣል። ሰፈፉን በጨርቅ ቋጥረው ውኃ ባለበት አሮጌ ድስት ውስጥ ይክተቱ፣ ቋጠሮው እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ይጫኑበትና በዝግታ ያፍሉት። ሰም 63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ በጨርቁ እየተጠለለም ወደ ላይ ይወጣል። ድስቱን አውርደው ሳይነኩት ያሳድሩት። ጠዋት ውኃው ላይ ተኝቶ የሚያገኙት እንደ እንጀራ ክብ የሆነ ቢጫ ሰም ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ማር ማር ይሸታል። ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ይፋቁት።

የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ የሚጠነክር ዘይት ነው፤ ለዚህ ነው ለእንጨት የሚሆነው። የኑግ ዘይት በአንጻሩ መድረቅ ስለሚያዘገይ እንጨቱ ለሳምንታት ይጣበቃል፤ ሞክሬ ተጸጽቻለሁ። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የተልባ ዘይት በሚዛን ለክተው፣ ዘይቱን የያዘውን ቆርቆሮ የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ሰሙን ያቅልጡበት። ቀጥታ እሳት ላይ ፈጽሞ አይጣዱት። ሲቀዘቅዝ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው የተረፈውን ይጥረጉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይድገሙ።

አንድ ነገር አደራ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ይግላል፣ ሰጋቱራ አጠገብ ከሆነም እሳት ያስነሣል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት ወይም ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይክተቱት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ጨረታ ለእኔ ብጤ ይሆናል?

ብቻዎን ከሆኑ ከባድ ነው። ማስታወቂያው በበኩር ጋዜጣና በመሥሪያ ቤቶቹ ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ሰነዱን መግዛት፣ የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ማሠራት፣ ዕቃውን በሎት፣ ማለትም እየተመረጠ ሳይሆን በጅምላ መውሰድ አለ። ዕቃው ባለበት ሁኔታ ስለሚሸጥ በኋላ መመለስ የለም፤ በማያ ቀን ሄደው እያንዳንዱን ይንኩት። እኛ ሦስት ሆነን አንድ ሎት ያረጁ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ገዝተን እንጨቱን ተካፍለናል። ካሸነፉ በኋላ በተሰጠው ቀን ካላነሡ ማስከበሪያው ይወረሳል፣ መኪናውን አስቀድመው ያስቡበት።

ዋጋ እንዴት ልከራከር?

በአክብሮት። ዕቃውን እያንቋሸሹ መከራከር ባለሱቁን ያስቀይመዋል እንጂ ዋጋ አያስቀንስም። እኔ ጥፋቱን አሳየዋለሁ እንጂ ዕቃውን አልሰድብም፦ «ጋሼ፣ እጀታው ተሰንጥቋል፤ ሌላ ላሠራለት ነው፣ እሷን ያስቡልኝ።» ዕድሜውን በዚሁ ሥራ የጨረሰ ባለሱቅ ዕቃው ወደሚሠራበት እጅ ሲሄድ ደስ ይለዋል፤ ምን እንደሚሠሩበት ይንገሩት። ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ ላይ አድርገው «መጨረሻው ስንት ነው?» ይበሉ።

ዋጋው ከመጠን በላይ ርካሽ ከሆነስ?

ማንነቱን የማያውቁት ወጣት አዲስ ግራይንደር ያለ ካርቶን፣ ያለ ደረሰኝ፣ በሩብ ዋጋ ቢሰጥዎ፣ የአንዱ በያጅ እንጀራ ተሰርቆ ነው። አይግዙ።

በምን ላይ መቆጠብ የለብኝም?

በግራይንደር ዲስክ። ዲስኩ መካከል ባለው የብረት ቀለበት ላይ የሚያበቃበት ወርና ዓመት ተቀርጿል፤ ከተመረተ ሦስት ዓመት ካለፈው ማያያዣው ስለሚደክም ሊፈነዳ ይችላል። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ነው። ለ115 ሚሊ ዲስክ የሚፈቀደው ከፍተኛ ዙር በደቂቃ 13,300 ገደማ ሲሆን የ230 ሚሊው 6,600 ገደማ ነው። መከለያውን አውልቆ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቁን ዲስክ የሚያስር ሰው በየብየዳ ቤቱ አያለሁ፤ ልቤ ይደነግጣል። ዲስኩ ከሚችለው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እየዞረ ነው።

በዓይን መከለያ መነጽርም አይቆጥቡ። በማራዘሚያ ገመድም እንዲሁ፦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ፣ ከነመሬት ገመዱ። ቀጭኑ ማራዘሚያ ይግላል፣ የመሣሪያውንም ሞተር ያደክማል።

ተከራይ ነኝ፤ ይቻላል?

አከራይዎን አስቀድመው ያነጋግሩ፣ እሑድ ጠዋት ድምፅ አያሰሙ፣ ሰጋቱራውን በየቀኑ ይጥረጉ። የእጅ መሣሪያ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ለተከራይ የተሠራ ይመስላል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ይሁን?

ረከቦት። ከሼድ ጆንያ ውስጥ የግራቪሊያ ቁራጮች ይምረጡ። ላዩ 60 በ40 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 25፣ አራት እግር፣ ሲኒው እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የ2 ሳንቲሜትር ጠርዝ። ሚስማር አይንካው፤ እግሩን በመሮ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡና በኮላ ያጣብቁት። የተልባና የሰም ቅባቱን ሁለት ጊዜ ይቀቡት፣ አንድ ሳምንት ያድርቁት። እኔ የመጀመሪያውን ለእናቴ ነው የሠራሁት። አንደኛው እግር በትንሹ ያጥር ነበር፣ ሳይናገሩ ከሥሩ ካርቶን አጥፈው አደረጉበት፤ እስካሁንም ቡና የሚያፈሉት በእሱ ላይ ነው።